ለመጠጥ ተስማሚ ነው

በስቶክሆልም ዳርቻ በፋርስታ የምትሰበሰበው የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የስዊድኖቹን አዳራሽ ትከራይ ነበር። ተጂቱ ዋቅጅራ የምትቀመጠው ከኋላ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከጓደኛዋ ከብርቅአየሁ ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጣለች። ሰዎች እየወጡ ምስክርነት ሲሰጡ፣ እግዚአብሔር ከሱዳን እንዴት እንዳወጣቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው እንዴት እንደመጣ ሲናገሩ ታዳምጣለች፤ አሜን ትላለች፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አታውቅም። መጋቢ ባርናባስ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቋት ነበር። ዓይን አፋር ናት ብሎ ተዋት።

ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም። ፊቲያ ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። መስኮቷ ወደ ሜላረን ሐይቅ ያያል፤ የብርዱ ወራት ሲገባ ግን ከቤት ስትወጣም ጨለማ፣ ስትመለስም ጨለማ ስለሆነ ሐይቁን የምታየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ሥራዋ ሶደርተልየ ከተማ፣ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሀገር ቤት ሳለች የውሃና የምግብ ናሙና የምትመረምር ባለሙያ ነበረች፤ እዚህ የምትሠራው ሌሎች ባለሙያዎች የተጠቀሙበትን ብርጭቆና ፍላስክ ማጠብ ነው። ባልደረቦቿ ክፉ አይደሉም። ጠዋት «ሄይ»፣ ሲወጡ «ሄይዶ» ይሏታል፤ በመሐል ያለውን ስምንት ሰዓት የምታሳልፈው ከማጠቢያው ማሽን ድምፅ ጋር ነው።

ስለዚህ ብርቅአየሁ ለእሷ ጓደኛ ብቻ አልነበረችም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው ነበር የተዋወቁት። ብርቅአየሁ የአምስት ዓመት ልጇን ሶፊን ይዛ ነበር የመጣችው። በኋላም ፊቲያ ውስጥ በተቃራኒ መግቢያዎች ቤት ደረሳቸው። ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ትቬትስቱጋውን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ተራ ይዘው አብረው ያጥባሉ። እሑድ በምድር ውስጥ ባቡር በቀዩ መስመር ሄደው ስሉሰን ላይ ወደ አረንጓዴው ይቀይሩና ፋርስታ ይወርዳሉ። ሶፊ ስትታመም ሌሊት የሚደወልላት ለተጂቱ ነው። ተጂቱን የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው አቆጣጠር በ1998፣ በኅዳር ወር መጨረሻ እሑድ፣ ስዊድኖቹ በየመስኮታቸው የገና መብራት በሰቀሉበት ሰሞን፣ መጋቢ ባርናባስ አንድ እንግዳ አስተዋወቀ። አድነው ይባላል፤ ጠበቃ ነው፤ በሰብአዊ መብት ሕግ ላይ ለሦስት ወር ሊማር ስቶክሆልም መጥቷል። ቀጭን፣ ሠላሳ አምስት የማይሞላው ሰው ነው፤ የለበሰው ካፖርት የተዋሰው መሆኑ ያስታውቃል። መድረክ ላይ ወጥቶ ብዙ አልተናገረም። መልካ ሶሬ ከምትባል ከተማ የመጣ ወይም እዚያ የሠራ ሰው ካለ ሊያነጋግረው እንደሚፈልግ ተናገረ። ከከተማዋ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የመንግሥት ነዳጅ ማከማቻ አለ፤ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ታንከሮች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሲያፈስሱ ኖረዋል፤ ሕዝቡ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ተበክሏል፤ ዛሬም እየጠጡት ነው። እሱም የዘጠና ሦስት ቤተሰብ ውክልና ይዞ መንግሥትን ከስሷል።

ብርቅአየሁ የተጂቱን ክንድ ጨበጠች።

ጠበቃው ቀጥሎ የአንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አወጣ። በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከክፍለ ሀገሩ ላብራቶሪ የተሰጠ የውሃ ምርመራ ውጤት ነው። የአራቱም ጉድጓዶች ውሃ ለመጠጥ ተስማሚ ነው ይላል። ከታች «የላብራቶሪ ባለሙያ» ከሚለው በላይ ፊርማ አለ፤ ስም ግን የለም። ምናልባት ፊርማውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ብሎ ወረቀቱን ለፊተኛው ረድፍ ሰጠ። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ ኋላ መጣ። አብዛኛው ሰው አንዴ አየት አድርጎ ያሳልፈዋል። ብርቅአየሁ ጋር ሲደርስ ቆመ። ብርቅአየሁ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀበሌው በር ላይ የለጠፉት ይሄ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካሳዬ ለተማሪዎቹ አንብቦላቸዋል። ይሄን የፈረመ ሰው እግዚአብሔር ይይለት።»

ከዚያም ለተጂቱ አቀበለቻት። ተጂቱ የራሷን ፊርማ አየች። ወረቀቱን በጎኗ ላሉት ሽማግሌ አሳልፋ ሰጠችና እጇን ጭኗ ላይ አኖረች።

ካሳዬ የብርቅአየሁ ባል ነበር። ተጂቱ ታሪኩን ማረፊያው ውስጥ በተዋወቁ በሁለተኛው ሳምንት ነበር የሰማችው። መልካ ሶሬ አስተማሪ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ከግቢው ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። ውሃው ጋዝ ጋዝ ይላል። ብርቅአየሁ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሽታው አላስቀርብ ስላላት ዘመድ ከወንዝ የሚያመጣላትን ትጠጣ ነበር። ካሳዬ ግን መንግሥት መርምሮታል፣ የእርግዝና አመል ነው እያለ ይስቅባት ነበር። በሚያዝያ አፍንጫው መድማት ጀመረ። ከዚያ ድዱ። ሐኪሞቹ ደሙ አልቋል አሉ እንጂ ምክንያቱን አልነገሯትም። መስከረም ላይ ሞተ፤ ሶፊ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። ይህን በሰማችበት ቀን ተጂቱ ሆዴን አመመኝ ብላ ወጥታ በረዶ ላይ ቆማ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለች። በማግሥቱ ብርቅአየሁ ዳቦ ገዝታ መጣችና ከሁለት ቆርሳ ሰጠቻት። አልነገረቻትም፤ የትኛው ክፍለ ሀገር ላብራቶሪ እንደሠራችም አላነሳችላትም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ቀን የባሰ ከባድ ሆነ፤ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በዚያ ጥቅምት የሆነውን ተጂቱ አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከመልካ ሶሬ አራት ጠርሙስ ናሙና መጣ። የመጀመሪያውን ቡሽ ስትነቅል ሽታው ፊቷን መታት፤ መስኮት ከፈተች። ሁለት ቀን ሠራችበት። በአራቱም ጠርሙስ ውስጥ ነዳጅ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ የባሰ ነው። ለሰውም ለከብትም አይሆንም ብላ ጽፋ ፈረመች። የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ብርሃነ ሥላሴ በደብዳቤ ሸኝተው ወደ የበላይ መሥሪያ ቤት ላኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀቷ ተመልሶ መጣ። በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ ይስተካከል። አቶ ብርሃነ ሥላሴ አልተቆጧትም። በሩን ዘጉና ተቀመጡ። ማከማቻው የጦር ሠራዊቱ ነዳጅ ያለበት መሆኑን፣ ጦርነት ላይ መሆናችንን፣ እሳቸው አምስት ልጆች እንዳሏቸው ነገሯት። ከዚያ አዲስ ቅጽ አቀረቡላት። እሷም ጻፈች። የመጀመሪያውን ወረቀት ፊቷ ላይ ቀደው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከስድስት ዓመት በኋላ ሀገሯን ለቃ ስትወጣ አቶ ብርሃነ ሥላሴ ሞተው ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ባለው ሐሙስ ብርቅአየሁ ቃሏን ለጠበቃው ልትሰጥ ቀጠሮ ያዘች። ብቻዬን አልችለውም፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ አለቻት። ተጂቱ ከሥራ ቀድማ ወጣች፤ በፔንደልቶግ፣ በከተማ ዳርቻው ባቡር፣ እስከ ቱምባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ፊቲያ ደረሰች። የተገናኙት በፊቲያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከጋዜጣ መደርደሪያው ጀርባ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብርቅአየሁ ሁሉንም ተናገረች። ሳታለቅስ ጀምራ ሳታለቅስ ጨረሰች፤ በመሐል ግን የተጂቱን እጅ ይዛ አልለቀቀችም። አድነው እያንዳንዱን ቀንና ወር እየጠየቀ ጻፈ።

ሲጨርሱ ብርቅአየሁ፣ ይሄ ነገር ውጤት ያመጣል ወይ ብላ ጠየቀችው። አድነው ብዕሩን አስቀመጠና አስረዳት። መንግሥት ሀገር ቤት ለፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥፋቱ የተፈጸመው ባለፈው መንግሥት ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያኔም ቢሆን መንግሥት ስለ ብክለቱ አያውቅም ነበር፣ እንዲያውም ባለሙያው መርምሮ ንጹሕ ነው ብሎታል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ተቀብሎ መዝገቡን ዘግቶታል። አሁን የቀረው ጋምቢያ፣ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ነው።

«የመጀመሪያውን እመልሰዋለሁ» አለ። «መንግሥት ቢለወጥም ሀገሩ ያው ሀገር ነው፤ ዕዳውም አብሮ ይወረሳል። ደግሞ ታንከሩ ዛሬም እያፈሰሰ ነው። ሁለተኛው ነው የቸገረኝ። ሕዝቡን ከጉዳት መጠበቅ፣ ውሃው መመረዙን ማስታወቅ የመንግሥት ግዴታ ነው። ግን አላውቅም ካለ፣ ያውቅ እንደነበር ማሳየት አለብኝ። ያንን ሊነግረኝ የሚችለው ይህን ወረቀት የፈረመው ሰው ብቻ ነው። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ብርቅአየሁ፣ ቢኖርስ መች ይናገራል አለች። ተጂቱ ካፖርቷን ለበሰች።

በማግሥቱ ዓርብ ሥራ ቦታ ሁለት ፍላስክ ሰበረች። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ስዊድናዊት አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ አለቻት። ተጂቱ ቤት መሄድ አልፈለገችም። ስብርባሪውን ጠረገችና ሥራዋን ቀጠለች። ቀኑን ሙሉ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለጠበቃው ከነገረችው ብርቅአየሁ ከሌላ ሰው ትሰማዋለች። ያንን ልታደርግባት አትችልም። ብርቅአየሁ መጀመሪያ መስማት ያለባት ከእሷ አፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮው ትቬትስቱጋው ውስጥ ተገናኙ። ምድር ቤት ነው፤ ይሞቃል፤ የሳሙና ሽታ አለው። ሁለቱም ማሽኖች ጨርሰው ነበር። አንድ አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘው እያጠፉ ሳለ ተጂቱ ተናገረች።

«ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ብርቅአየሁ የትኛውን ወረቀት እንደሆነ አልገባትም። ተጂቱ የመልካ ሶሬውን አለች። ከዚያም ከመጀመሪያው ጠርሙስ ጀምራ እስከ ቀይ ቀለሙ፣ እስከ አዲሱ ቅጽ ድረስ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ማረፊያው ውስጥ ልትነግራት እንደነበረ፣ እንዳልቻለችም ጨመረች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ልታወጣው አልቻለችም፤ ለዚህ ነገር በጣም ትንሽ መስሎ ታያት።

ብርቅአየሁ አንሶላውን አልለቀቀችም። ጥጉን ከጥጉ ጋር አገናኝታ ማጠፏን ጨረሰች፤ ቅርጫቱ ላይ አኖረችው።

«ሽታውን አሽተሽዋል?» አለቻት።

«አዎ።»

«በጥቅምት።»

«አዎ፣ በጥቅምት።»

«በጥቅምት ካሳዬ ጤነኛ ነበር» አለች ብርቅአየሁ።

ከዚያ በኋላ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። የሶፊን ሹራቦች፣ ፎጣዎቹን፣ ገና ያልደረቀውን ሁሉ እርጥቡን እንዳለ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተች። ተጂቱ ልታግዛት እጇን ዘረጋች፤ ብርቅአየሁ ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ቅርጫቱ ከብዷት በሩን በጀርባዋ ገፍታ ወጣች። ተጂቱ ከያዙት ሰዓት የቀረው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆማ ቀረች።

ሰኞ ለአድነው ደወለችለት። በማግሥቱ ያው ቤተ መጻሕፍት፣ ያው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። አድነው ስትነግረው መጀመሪያ ብዕሩን አላነሳም። ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ አልተስማሙም። እሱ «ተገድጄ ፈረምኩ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ እሷ ይሰረዝ አለች። ማንም ጠመንጃ አልደቀነብኝም፣ ማንም አላሰረኝም፣ ለመኑኝ፣ ፈራሁ፣ ጻፍኩ አለችው።

አድነው እንዲህ ከተጻፈ ሰው ሊፈርድባት እንደሚችል አስጠነቀቃት። ወረቀቱ በአደባባይ የሚነበብ ነው፤ እዚህ ያለው ማኅበረሰብም መስማቱ አይቀርም።

«የሆነው እሱ ነው» አለች።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ አድነው። «መንግሥት የሚባለው ነገር ብቻውን እጅ የለውም። የሚያውቀው በሠራተኞቹ ነው፤ የሚጽፈው በሠራተኞቹ እጅ ነው። ያን ዕለት እርስዎ ሲያውቁ መንግሥት አውቋል። ወረቀቱን መልሰው ሲልኩልዎ ደግሞ ማወቁን ራሱ አረጋግጧል። እኔ አሥር ዓመት ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም።»

ተጂቱ ያሰበችው ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ነጭ ጋዋንና አንድ ጥንድ ጫማ ነበራት፤ አለቃዋን እንኳ ቀና ብላ አታይም ነበር። መንግሥት እኔ ነበርኩ ማለት ነው ብላ አሰበች። እያንዳንዱን ገጽ አንብባ በሙሉ ስሟ ፈረመች።

ነገሩ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ከገና በፊት ተሰማ። ማን እንዳወራው ተጂቱ አልጠየቀችም። መጋቢ ባርናባስ ቤቷ ድረስ መጥቶ ጸለየላት፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል አላት። እሱ ይበለኝ፣ እኔ የበደልኩት ግን ብርቅአየሁን ነው አለችው። አንዳንድ ሰዎች ጎበዝ ናት ብለው እጇን ጨበጧት። አንዳንዶቹ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። አንዲት የመልካ ሶሬ ሴት፣ ደሚቱ የምትባል፣ ኮሪደር ላይ አስቁማት ስንት ሰው እንደሞተ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ተጂቱ አላውቅም አለች። ደሚቱ የምታውቃቸውን አሥራ አንድ ሰዎች በስማቸው ቆጠረችላት። ተጂቱ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ብርቅአየሁ የእሑዱን ጉባኤ ተወች። ሶደርተልየ ከሚሰበሰቡ ሌሎች ጋር መሰብሰብ ጀመረች። የማጠቢያ ሰዓቷን ወደ ሮብ ለወጠች። ተጂቱ ከወጥ ቤቷ መስኮት ሆና በተቃራኒው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የእነሱ መብራት ሲበራና ሲጠፋ ታያለች። አንዳንዴ ሶፊን የባቡር ጣቢያው አካባቢ ከጓደኞቿ ጋር ታገኛታለች። ልጅቷ «ሄይ» ትላለች፤ ትንሽ ታመነታለች፤ ታልፋለች። በጥር ወር ተጂቱ በጉንፋን አምስት ቀን ተኛች። ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጋዜጣ የሚሸጥ ሰው ነበር።

አድነው በየካቲት ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ደብዳቤው የመጣው በመስከረም ነው። ኮሚሽኑ ጉዳዩን ለማየት ተቀብሎታል፤ ውሳኔ ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የእሷ ቃል ለመንግሥት ከደረሰ በኋላ ግን፣ የመንግሥት ጠበቆች አናውቅም ነበር የሚለውን ክርክር ጽሑፋቸው ላይ አልደገሙትም። ከሰኔ ወር ጀምሮ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የውሃ ቦቴ ወደ መልካ ሶሬ መምጣት ጀምሯል። ማን እንደላከው፣ ለምን እንደላከው የሚገልጽ ማስታወቂያ የለም፤ ጥፋተኛ ነኝ ያለም የለም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ጉድጓድ ግን በሲሚንቶ ተደፍኗል።

ተጂቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዳ ኮፒ አደረገችው። ወደ ተቃራኒው መግቢያ ገብታ በሊፍት አራተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ላይ ባለው የፖስታ ቀዳዳ አስገብታ ልትመለስ ነበር ያሰበችው፤ ሶፊ ግን እየወጣች ስለነበር በሩን ከፈተችው።

«ለእናትሽ ነው» አለቻት ተጂቱ።

ሶፊ እናቷ ሥራ ላይ እንደሆነች በስዊድንኛ ነገረቻትና ወረቀቱን ተቀበለች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች፣ «አባቴን... ታውቂው ነበር?» አለቻት።

«አላውቀውም ነበር» አለች ተጂቱ። «እናትሽ ነገረችኝ። ጎበዝ አስተማሪ ነበር።»

ሶፊ ራሷን ነቀነቀች። በሊፍቱ አብረው ወረዱ።

ስልኩ የተደወለው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀትር ላይ ነው። ተጂቱ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ ነበር። ብርቅአየሁ እንደምን ነሽ አላለቻትም። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ አለች። ጉድጓዱ መደፈኑ እውነት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ተጂቱ ጠበቃው በዓይኑ አይቶ እንደጻፈው ነገረቻት። ከዚያ ብርቅአየሁ ሶፊን ይዛ ወደ ዮተቦሪ ከተማ ልትዛወር መሆኗን፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ ማግኘቷን ተናገረች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ ለቢሮ ሠራተኛ የምትናገር ይመስላል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «በዚያ ወር ብትናገሪ ኖሮ፣ ይተርፍ ነበር?»

ተጂቱ አላውቅም ልትል ትችል ነበር። ማንም ሐኪም በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችለው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው ለሐኪም አልቀረበም።

«ይተርፍ ነበር ብዬ ነው የማምነው» አለች።

በመስመሩ ውስጥ ከኋላ የሶፊ ሬዲዮ ይሰማል።

«እሺ» አለች ብርቅአየሁ። «ማወቅ ፈልጌ ነው።» ስልኩን ዘጋች።

በወሩ መጨረሻ ሰዎች መጥተው ዕቃቸውን ጭነው ወሰዱ። ተጂቱ ያን ዕለት ሥራ ላይ ነበረች። ማታ ስትመለስ አራተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሶማሊያ ቤተሰብ ገባበት። ተጂቱ ቅዳሜ ጠዋት ማጠቢያ ክፍሉን አሁንም ትይዛለች፤ አንደኛው ማሽን ይበቃታል፤ ሁለተኛውን ለማንም ፈላጊ ክፍት ትተዋለች።